ከቼሳፒክ እስከ ራያ ቆቦ፦ የበጎ ፈቃድ ኮምፒዩተሮችና የተፋሰስ ብክለት

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የራያ ቆቦ ወረዳ የቆላ ከተማ ናት። በስተምዕራብ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በእነ አላውሃና ጎሊና ወንዞች በኩል ወደ ሜዳው ይወርድና የተረፈው ወደ አፋር ይዘልቃል። የራያ ገበሬ ይህን ጎርፍ በጠለፋ ወደ ማሳው ያስገባዋል። ደለሉ መሬቱን ስለሚያበረታው ከፋብሪካ ማዳበሪያ ይልቅ በጎርፉ የሚተማመነው ብዙ ነው። ደጋው ያጣው አፈር ለቆላው ሲሳይ ሆነ ማለት ነው። ያው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ግን ከልክ ሲያልፍ ወይም በማይፈለግበት ቦታ ሲከማች ብክለት ይሆናል።

የሁለቱ ንጥረ ነገሮች አካሄድ ለየቅል ነው። ፎስፎረስ በአብዛኛው ከአፈር ጋር ተጣብቆ በጎርፍ ይሄዳል፤ ሐይቅ ሲደርስ አልጌና አረም ያፋፋል። የጣና ሐይቅን የእምቦጭ አረም ካፋፉት ነገሮች አንዱ ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ንጥረ ነገር ነው። ናይትሮጅን ግን ናይትሬት ሆኖ በውኃ ይሟሟና ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል። ራያ ቆቦ ሊጠነቀቀው የሚገባው ይኸኛውን ነው፤ ምክንያቱም በቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ልማት የሚደገፈው በጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ነው። በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ የናይትሮጅን ማዳበሪያ የሆነውን ዩሪያ መጨመሩ አይቀርም፤ ሰብሉ ያልተጠቀመበት ከመስኖው ውኃ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የናይትሬት ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲበልጥ በጡጦ የሚያድግ ጨቅላ ሕፃን ደም ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል።

የንጥረ ነገሮቹን ጉዞ ለመከታተል ተመራማሪዎች በሒሳብ ሞዴል ይጠቀማሉ። በጣና ተፋሰስም በተደጋጋሚ የተሠራበት «ስዋት» የተባለው ሞዴል ተፋሰሱን በአፈር ዓይነት፣ በተዳፋትና በመሬት አጠቃቀም ይከፋፍልና የእያንዳንዱን ቁራሽ ውኃ፣ ደለልና ንጥረ ነገር በየቀኑ ያሰላል። አንዱን ስሌት ተራ ላፕቶፕ ይሠራዋል። ሞዴሉን ከመስክ ልኬት ጋር ለማስማማት ግን ቁጥሮቹን እየቀያየሩ በሺዎች ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ድግግሞሾቹ አንዱ የሌላውን ውጤት ስለማይጠብቁ ለብዙ ኮምፒዩተሮች ማከፋፈል ይቻላል።

በጎ ፈቃደኞች የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ሴቲ አት ሆም» ከጠፈር የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድን በሰዎች የቤት ኮምፒዩተር አስመረመረ። ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣው «ቦይንክ» የተባለ ሶፍትዌር ደግሞ መንገዱን ለሌሎች የምርምር መስኮች ከፈተ። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለቤቱ ሶፍትዌሩን ይጭናል፤ ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲፈታ ትንሽ ስሌት ከማዕከሉ ይቀበላል፣ ሠርቶም ይልካል። አንዱ ስሌት ለሁለት ሰው ሊላክና ውጤቱ ሊመሳከር ይችላል። ሥራው በየመሃሉ ስለሚቀመጥ መብራት ቢጠፋ ከባዶ አይጀመርም፤ ይህ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው።

ለተፋሰስ ብክለት የዋለበት ዋነኛ ምሳሌ በአይቢኤም ድጋፍ ይካሄድ በነበረው «ወርልድ ኮሙኒቲ ግሪድ» ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ ያጠናው የቼሳፒክ ተፋሰስ ስድስት የአሜሪካ ግዛቶችን የሚነካ፣ 166,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ነው። ፕሮጀክቱ የወንዙን ፍሰት ብቻ ሳይሆን የገበሬውን፣ የከተማ ነዋሪውንና የፖሊሲ አውጪውን ውሳኔ ጭምር ያሰላ ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ማዳበሪያ መሬት ላይ የሚወድቀው በሰው ውሳኔ ነውና።

ሆኖም ኮምፒዩተር ያልተለካን ነገር ሊፈጥር አይችልም። በአዊ ዞን ዳንግላ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች ዝናብን፣ የወንዝንና የጉድጓድ ውኃ ከፍታን ለክተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናትም ልኬታቸው ለሳይንስ የሚበቃ መሆኑን አረጋግጧል። ስለዚህ ለራያ ቆቦ የመጀመሪያው በጎ ፈቃደኛ ኮምፒዩተር ያለው ሳይሆን የጉድጓድ ውኃ የሚለካው ሰው ነው ባይ ነኝ። የናይትሬት መለኪያ ወረቀትን ቀለም አይቶ መመዝገብ ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አቅም በላይ አይደለም። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ የወረዳው ግብርናና የውኃ ጽሕፈት ቤቶች በጎብዬና በቆቦ ጉድጓዶች ላይ ይህን መዝገብ ከአሁኑ ያስጀምሩ።