ፎልአውት፦ በውሃ ፍለጋ የሚጀምር ጌም

በካሊፎርኒያ ተራራ ሥር በተቆፈረው ቮልት 13 የሚኖሩ ሰዎች ለ84 ዓመታት ፀሐይ አላዩም። እ.ኤ.አ. በ2077 መንግሥታት በኑክሌር ቦምብ ተፋጅተው ዓለምን በሁለት ሰዓት ውስጥ ሲያወድሟት አያቶቻቸው ወደዚህ መጠለያ ገቡ፤ የብረቱ በር ተዘጋ፤ ልጆች ተወለዱ፤ ልጆቹም ወለዱ። አየሩም ምግቡም ውሃውም የሚገኘው ከማሽን ነው። አንድ ቀን የውሃ ማጣሪያውን የሚቆጣጠረው ቺፕ ተበላሸ፤ መለዋወጫም አልተገኘም። የቮልቱ አስተዳዳሪ ከነዋሪዎቹ አንዱን ጠርቶ ሌላ ቺፕ ፈልጎ እንዲመጣ ወደ ውጭ ይልከዋል። የቀረው ውሃ የሚያቆየው ለ150 ቀን ብቻ ነው። ፎልአውት የተባለው የኮምፒዩተር ጌም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1997 ነው። አሳታሚው ኢንተርፕሌይ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሲሆን፣ ሥራውን የጠነሰሰው ቲም ኬን የሚባል ፕሮግራመር ነበር። ኬን በ1994 ሲነሳ ቡድን አልነበረውም፤ ለወራት ብቻውን ኮድ ሲጽፍ ቆየ። ኢንተርፕሌይ በ1988 ዌስትላንድ የሚባል፣ ከኑክሌር ጦርነት በኋላ የቀረችውን አሜሪካ የሚያሳይ ጌም ሠርቶ ነበር። የስሙ መብት ግን በሌላ ኩባንያ እጅ ስለነበረ ተከታይ ክፍል ማውጣት አልቻለም፤ ፎልአውት የዚያ ሥራ ወራሽ ሆኖ በራሱ ስም ተወለደ። የጨዋታው ሕግ መጀመሪያ የተወሰደው ሰዎች ጠረጴዛ ከበው በወረቀትና በዳይስ ከሚጫወቱት ገርፕስ ከተባለው ሥርዓት ነበር። በ1997 መጀመሪያ ከባለቤቶቹ ጋር የነበረው ስምምነት ፈረሰ። ጌሙ ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ኬንና ዋናው ዲዛይነር ክሪስቶፈር ቴይለር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። በዚያ ጥድፊያ የተሠራው ሕግ የፎልአውት ስም በሚነሳበት ሁሉ እስከ ዛሬ አለ።

ሕጉ ሰውን በሰባት ባሕርያት ይመዝናል፦ ጥንካሬ፣ ንቃት፣ ጽናት፣ ተወዳጅነት፣ ብልህነት፣ ቅልጥፍና እና ዕድል። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 10 ይለካል። ተጫዋቹ ሲጀምር ሰባቱም 5 ላይ ናቸው፤ 5 ትርፍ ነጥብ ተሰጥቶት እንደ ፍላጎቱ ያከፋፍላል፤ ከአንዱ ቀንሶ ለሌላው መጨመርም ይችላል። ከዚያ ከ18 ክህሎቶች ሦስቱን እንደ ዋና ሙያው ይመርጣል፤ ተኩስ፣ ንግግር፣ ጥገና፣ ሕክምና፣ ቁልፍ መክፈት፣ ስርቆት እያለ ይቀጥላል። በሌሎች ብዙ ጌሞች እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሚፈለጉት በጠብ ጊዜ ብቻ ነው። እዚህ ግን ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ሥራ ላይ ናቸው። ብልህነቱን እስከ ታች ዝቅ አድርጎ የጀመረ ተጫዋች መናገር እንኳ አይሆንለትም፤ እየተንተባተበና እያጉረመረመ ጌሙን ዳር ያደርሳል፤ የሚያገኛቸውም ሰዎች እንደዚያው ይመልሱለታል፤ አንዳንዱ ያዝንለታል፣ አንዳንዱ ያባርረዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ተብሎ ሌላ ንግግር መጻፉ የሠሪዎቹን ትጋት ያሳያል። አብዛኛው ተጫዋች ያንን ጽሑፍ ፈጽሞ ላያየው ይችላል፤ ግን ተጽፏል።

የጌሙ ዓለም መልኩን ያገኘው የ1950ዎቹ አሜሪካውያን ስለ መጪው ጊዜ ከነበራቸው ሕልም ነው። በኑክሌር ኃይል የሚሄድ መኪና፣ የቤት ሠራተኛ የሚሆን ሮቦት፣ ፈገግታው የማይጠፋ ቤተሰብ፤ ይህ ሁሉ እውን ከሆነ በኋላ በቦምብ የተቃጠለ ዓለም ነው። መልኩን ከቀረጹት መካከል ሊዮናርድ ቦያርስኪና ጄሰን አንደርሰን ይገኙበታል። መግቢያው ላይ ኢንክ ስፖትስ የተባሉት ዘፋኞች በ1940 የተጫወቱት ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ይሰማል፤ ቴሌቪዥኑ ማስታወቂያ ያሳያል፤ ዕይታው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ሲርቅ ቴሌቪዥኑ ያለው በፈረሰ ከተማ መሀል መሆኑ ይታያል። ማርክ ሞርጋን የሠራው የጨዋታው ሙዚቃ ደግሞ ዜማ የለውም ማለት ይቻላል፤ ንፋስ፣ የብረት ድምፅ፣ የሩቅ ማጉረምረም ነው። ቁልፍ የሆኑ ሰዎችን ስናነጋግር የሚመጣው ፊት መጀመሪያ በሸክላ ጭቃ ተቀርጾ ወደ ኮምፒዩተር የገባ ነው፤ ሲናገር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሲቆጣ ግንባሩ ይቋጠራል። ለዘመኑ ከባድ ሥራ ነበር፤ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ከቮልቱ የወጣ ሰው በቅድሚያ የሚደርስባት መንደር ሼዲ ሳንድስ ትባላለች። የጭቃ ቤቶች፣ የእህል ማሳ፣ አራዴሽ የሚባል አለቃና ታንዲ የምትባል ልጁ አሉ። ኋላ ላይ ታንዲን ሽፍቶች ይጠልፏታል። ተጫዋቹ ሽፍቶቹን በሙሉ ሊዋጋ ይችላል፤ ገንዘብ ከፍሎ ሊያስፈታት ይችላል፤ አለቃቸውን አንድ ለአንድ ሊገጥመው፣ ወይም አንደበቱ የሰላ ከሆነ አስፈራርቶ ሊወስዳት ይችላል። አንዱም መንገድ በጌሙ ዘንድ ከሌላው የተሻለ ተብሎ አልተጻፈም። ትክክለኛው ይህ ነው የሚል ምልክት ማያው ላይ አይታይም። ቀስት የለም፤ የሚያብለጨልጭ ነጥብ የለም። ሰው የተናገረውን ሰምቶ የት መሄድ እንዳለበት የሚወስነው ተጫዋቹ ነው። ፎልአውትን ከብዙ ጌሞች አብልጬ የምወደው በዚህ ነው፤ የሚጫወተውን ሰው አዋቂ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ውጊያው በተራ ነው። ቅልጥፍናው ከፍ ያለ ሰው በአንድ ተራ ብዙ የድርጊት ነጥብ አለው፤ መራመድ፣ መተኮስ፣ ቦርሳ መክፈት ሁሉም ከዚያው ነጥብ ይቀነሳሉ። ዓይን ወይም እግር ለይቶ ማነጣጠር ይቻላል፤ የመምታት ዕድሉ በመቶኛ ይጻፋል። ዝርዝሩን ሰው በአንድ ሰዓት ይለምደዋል፤ ሴቭ ማድረግን ግን መርሳት የለበትም፤ በረሃ ላይ ሳይታሰብ የሚገጥም ሽፍታ ርኅራኄ የለውም።

የበረሃው ትልቅ የንግድ ከተማ ሀብ ይባላል። እዚያ የሚሠራበት ገንዘብ ከጦርነቱ በፊት ከተጠጡ የለስላሳ ጠርሙሶች የቀረው ቆርኪ ነው፤ የሀብ ነጋዴዎች ስለሚቀበሉት ዋጋ አለው። በከተማዋ ካሉት ኃያላን አንዱ ክፍል የውሃ ነጋዴዎቹ ናቸው። 2000 ቆርኪ ለከፈለ ሰው ወደ ቮልት 13 ውሃ የጫነ ቅፍለት ይልካሉ፤ ጊዜውም በ100 ቀን ይራዘማል። ጥሩ ግዢ ይመስላል። ነገር ግን ቅፍለቱ ሲመላለስ መንገዱ ይታወቃል፤ ቮልቱን የሚፈልጉት ጠላቶች ፈጥነው ያገኙታል። ይህን ማንም ጮክ ብሎ አይነግረንም። ለወገን ውሃ የላከ ሰው ሳያውቅ የወገኑን ደጅ ለጠላት ያሳያል።

ጌሙ ሲወጣ የቀኑ ገደብ ብዙ ተጫዋቾችን አስቆጥቷል፤ ኩባንያውም ከውሃው በኋላ ያለውን፣ ጠላቶቹ ቮልቱን እስኪያገኙት የሚቆጠረውን ሁለተኛ ገደብ ቆይቶ ባወጣው ማስተካከያ እንዳይሰማ አድርጎ አራዘመው። እኔ ገደቡ የጌሙ ልብ ነው ብዬ አምናለሁ። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው በእግር መሄድ ቀናት ይፈጃል፤ ቁስል ለማዳን ማረፍ ቀናት ይፈጃል፤ ለማያውቁት ሰው ብሎ ወደ ኋላ መመለስም እንደዚያው። ጊዜ ባይቆጠር ኖሮ ደግነት ምንም ባላስከፈለ ነበር።

ቺፑ ያለው ኔክሮፖሊስ በተባለችው ከተማ ሥር ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች ጉል ይባላሉ፤ ጨረራ ቆዳቸውን ልጦ ዕድሜያቸውን ያረዘመው ሰዎች ናቸው። ላይ ላይ ካሉት ብዙዎቹ የመጣውን ሁሉ ይዋጋሉ። ከእነሱ የተለዩ ጥቂቶች ግን በፍሳሽ ቱቦዎቹ ውስጥ ተሸሽገው ይኖራሉ፤ ሰላማውያን ናቸው። ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ የሚመጣው ተጫዋቹ ሊወስደው ከመጣው ከዚያው ቺፕ ነው። ቺፑን አንስቶ መሄድ ይችላል፤ የሚከለክለው የለም፤ የገዛ ቤተሰቡም ይድናል፤ የጉሎቹ ውሃ ግን ይቋረጣል። ሌላ መንገድም አለ። የተበላሸ አሮጌ የውሃ ፓምፕ አለ፤ መለዋወጫው በፍሳሽ ቱቦው ውስጥ ይገኛል፤ የጥገና ክህሎት ያለው ሰው ፓምፑን አስነስቶ ቺፑን ያለ ጸጸት ሊወስድ ይችላል። ክህሎቱ የሌለው መጽሐፍ ገዝቶ አንብቦ መመለስ ይችላል፤ ያ ደግሞ ጉዞ ነው፣ ጉዞውም ቀን ይበላል፤ ቮልት 13 ውስጥ ያለው ውሃ እየቀነሰ ነው። ይህን ሥፍራ የጻፈ ሰው ችግሩን ከማንም ክፋት አላመጣውም። ሁለት የተጠሙ ሕዝቦችና አንድ ቺፕ ብቻ አሉ።

ተጫዋቹ ቺፑን ይዞ ሲመለስ ጌሙ ያለቀ ይመስለዋል፤ ግማሹ ገና ነው። አስተዳዳሪው የሰማውን ሁሉ መዝኖ፣ ሚውታንት የሚባሉትን ግዙፍና አረንጓዴ ፍጡራን የሚያዘጋጅ አንድ ኃይል እንዳለ ይረዳል፤ ምንጩን አግኝቶ እንዲያጠፋ ተጫዋቹን መልሶ ይልከዋል። በዚህኛው ጉዞ የድሮ ወታደሮች ዘሮች የሆኑትና ቴክኖሎጂን እንደ ሃይማኖት የሚጠብቁት የብረት ወንድማማቾች አሉ፤ የአባልነት ጥያቄ ላቀረበላቸው ሰው ግሎው ወደተባለው በጨረራ የተመረዘ ገደል ሂድና ዕቃ አምጣ ይሉታል፤ ይመለሳል ብለው ሳይሆን እንዲወገድላቸው ነው። የጨረራ መከላከያ ክኒን ሳይወስድ የገባ አይተርፍም።

የሁሉ ምንጭ ማስተር የሚባለው ፍጡር ነው። ጥንት ሪቻርድ ግሬይ የሚባል ሐኪም ነበር፤ ሀብ ውስጥ የሚኖረው ሃሮልድ የተባለ ሽማግሌ ጉዟቸውን ይተርካል። አብረው ወደ አንድ የጦር ሰፈር ገቡ፤ ግሬይ ሰውን በሚለውጥ ቫይረስ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ወደቀ። ዛሬ ሥጋና ማሽን ተቀላቅሎ በግድግዳ ላይ የተዘረጋ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሀል ድምፁ ከወንድ ወደ ሴት፣ ከሴት ወደ ማሽን የሚለዋወጥ ነው። ዕቅዱም ሲሰማ የጤነኛ ሰው ሐሳብ ይመስላል፦ ሰው የተፋጀው ልዩ ልዩ ስለሆነ ነው፤ ሁሉም በገንዳው አልፎ አንድ ዘር ቢሆን፣ ጨረራ የማይጎዳው ጠንካራ ዘር ቢሆን፣ ጦርነት አይኖርም ይላል። በዕቅዱ ከልቡ ያምናል።

ሊገደል ይችላል፤ ከባድ መሣሪያና ጥሩ ጥሩር ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ከብረት ወንድማማቾች ዘንድ ቭሪ የምትባል ተመራማሪ የሚውታንት አስከሬን መርምራ ያገኘችውን በዲስክ መዝግባ አስቀምጣለች፤ ሚውታንቶች መውለድ አይችሉም። ያንን ማስረጃ ይዞ ማስተር ፊት የቀረበ ሰው ሽጉጥ ሳያወጣ ይከራከረዋል። አዲስ ያልከው ዘር ከአንድ ትውልድ አያልፍም ይለዋል። ማስተር መጀመሪያ አያምንም፤ ማስረጃውን ያያል፤ ያደረገው ግፍ ሁሉ ለከንቱ እንደሆነ ይገባዋል፤ በሕይወት መቆየትም አይፈልግም፤ ሁሉን ነገር ከራሱ ጋር ያጠፋል። በ1997 ዋናው ጠላት በማንበብና በመነጋገር የሚሸነፍበት ጌም ብርቅ ነበር፤ ዛሬም ብዙ አይደለም። ይህን መጨረሻ ለማየት ብቻ እንኳ ንግግርን ከዋና ክህሎቶቹ አንዱ አድርጎ መጀመር ተገቢ ነው እላለሁ።

ጉድለቶቹን መደበቅ አልፈልግም። ዕቃ የሚያዝበት ቦርሳ አሰልቺ ነው፤ አንድ ነገር ለማግኘት ዝርዝሩን እየገፉ መውረድ ግድ ነው። አብረው የሚጓዙት ባልደረቦች የጦር ልብስ አይቀይሩም፤ የሼዲ ሳንድሱ ኢያን አውቶማቲክ መሣሪያ ከተሰጠው ከፊቱ ያለውን ወዳጁን ከኋላ ሊመታው ይችላል። ጃንክታውን በተባለችው ከተማ የሚቀላቀለን ውሻ ዶግሚት ደግሞ ጎበዝ ነው፤ በጦር ሰፈሩ የኃይል ግድግዳ ላይ እየሮጠ ሄዶ መሞቱ ግን ብዙ ተጫዋቾችን አሳዝኗል።

በመጨረሻ ያለፍንባቸው ከተሞች ምን እንደሆኑ አንድ በአንድ ይተረካል፤ ያዳንነውም ችላ ያልነውም። በጃንክታውን ከንቲባው ኪሊያንና የቁማር ቤት ባለቤቱ ጊዝሞ ይጣላሉ፤ ተጫዋቹ አንዱን ይረዳል። ሠሪዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት በጊዝሞ ሥር ከተማዋ እንድትበለጽግ፣ በኪሊያን ሥር በግትር ሕግ እንድትታፈን ነበር፤ ከመውጣቱ በፊት ቀየሩት። ቢተዉት ይሻል ነበር። ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ጀግና ደግሞ አስተዳዳሪው በር ላይ ይጠብቀዋል፤ ያመሰግነዋል፤ ግን ውጭው ለውጦሃል፣ ወጣቶቹ አንተን አይተው ሊወጡ ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ መግባት አትችልም ይለዋል።

ጌሙ ዛሬም በሕጋዊ መንገድ በስቲምና በጂኦጂ ይሸጣል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሲጫን ብቻ ነው፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይበቃዋል። ስሙን ቤተስዳ በ2007 በ5.75 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ሦስት አውታር ባለው ዓለም አስፍቶታል፤ በ2024ም በአማዞን የቀረበ ተከታታይ ፊልም ብዙ አዲስ ሰው አምጥቷል። ከፊልሙ ተነስቶ ወደ መጀመሪያው ጌም የሚመጣ ሰው ቀጥሎ በ1998 የወጣውን ፎልአውት 2 እንዲከፍት እመክራለሁ፤ ታሪኩ ከ80 ዓመት በኋላ ይቀጥላል፤ ሼዲ ሳንድስ የአንድ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ሆና፣ ያች ከሽፍቶች ያስለቀቅናት ታንዲ አርጅታ ፕሬዚዳንቷ ሆና ያገኛታል።