በተራራ ሐይቅ መዋኘት

ዋና ሰውነትን የሚያጠነክር፣ መንፈስንም የሚያድስ ስፖርት ነው። ዳሩ ግን በገንዳ መዋኘትና በተራራ ሐይቅ መዋኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የብርድን ጠባይ የማያውቅ ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ዋናተኛ ቢሆን በተራራ ሐይቅ ውስጥ ችሎታው ብቻውን አያድነውም።

ለምሳሌ በስዊስ አገር፣ በአልፕስ ተራሮች መካከል ያለውን የሲልስ ሐይቅ እንመልከት። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,797 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ጥልቀቱም እስከ 71 ሜትር ይደርሳል። አዲስ አበባ ከዚህ ሐይቅ በ500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ እንደምትገኝ ስታስቡ፣ ለውሃው ቅዝቃዜ ምክንያቱ ከፍታው ብቻ አለመሆኑን ትረዳላችሁ። አገሩ ከምድር ወገብ እጅግ የራቀ በመሆኑ፣ በብርዱ ወራት የሐይቁ ገጽ በበረዶ ይሸፈናል፤ ሙቀት ሲመጣም ከተራሮቹ የሚቀልጠው በረዶ ይገባበታል። ስለዚህ በሐምሌ ፀሐይ ዳርቻው ሲግል እንኳ ውሃው ቀዝቃዛ ነው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሐይቅ የተነገረ ይመስላል።

ብርድ ዋናተኛውን የሚያጠቃው ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ፣ ውሃው ውስጥ እንደገባ ሳይወድ በግድ አየር ይስባል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ልቡም በኃይል ይመታል። በዚህ ጊዜ አፉና አፍንጫው ከውሃ በታች ከሆኑ ውሃ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ይህ ድንጋጤ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልፋል። ቀጥሎ የእጁና የእግሩ ጡንቻዎች እየደነዘዙ ይሄዳሉ፤ መቅዘፍም ይሳነዋል። ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ በመጨረሻ የውስጥ አካሉ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፤ አእምሮውም ይደክማል።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባችኋል? ብቻችሁን ከቶ አትግቡ። ከመዝለል ተቆጥባችሁ ቀስ እያላችሁ ግቡ። ትንፋሻችሁ ከፈጠነ በጀርባችሁ ተንሳፍፋችሁ እስኪረጋጋ ታገሡ። ወደ መካከል ከመግፋት ይልቅ የሐይቁን ዳርቻ ተከትላችሁ ዋኙ። ደማቅ ቀለም ያለው ቆብ አጥልቁ፤ ከወገብ ጋር በገመድ የሚታሰር ተንሳፋፊም ያዙ። ጀልባ ነጂ ከሩቅ ያያችኋል፤ ሲደክማችሁም ትደገፉበታላችሁ። የነፋሱንም ጠባይ እወቁ። በሲልስ ሐይቅ፣ በሙቀቱ ወራት ሰማዩ ሲጠራ፣ ከቀትር ገደማ ጀምሮ የማሎያ ነፋስ የሚባለው ይነሣል፤ ማለዳ እንደ መስተዋት የነበረውም ውሃ ይናወጣል። ስለሆነም የሚመረጠው የማለዳው ሰዓት ነው።

አደጋው ከውሃ በመውጣት ብቻ አያበቃም። ከወጣችሁም በኋላ የውስጥ አካላችሁ ሙቀት ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል። ስለዚህ መንቀጥቀጥ ሳይጀምራችሁ ውጡ፤ እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ ደረቅና ወፍራም ልብስ ደርቡ፤ ትኩስ ሻይ ጠጡ። ወዲያውኑ በሙቅ ውሃ መታጠብ ግን ራስን ሊያስት ስለሚችል ይቅርባችሁ። ኃይሉ ሳይደክም ወደ ዳርቻው የሚመለስ ዋናተኛ ነገም ይዋኛል።