ካውብ፤ ወንዝ መሀል የቆመ ኬላ

ራይን ወንዝ ዳር ከተደረደሩት የጀርመን መንደሮች መካከል ካውብን የመረጥኩት ስለ ውበቷ ሰምቼ አይደለም። ስሟን በኢኮኖሚ ዜናዎች ውስጥ ደጋግሜ ስላየሁት ነው። ነዋሪዋ አንድ ሺሕ የማይሞላ፣ በወረቀት ግን ከ1324 ጀምሮ “ከተማ” የምትባል መንደር (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከነዳጅና ከኬሚካል ገበያ ጋር ምን አገናኛት? ለሥራ ፍራንክፈርት በሄድኩበት ጊዜ አንድ እሑድ ተርፎኝ በቪስባደን በኩል በባቡር ሄድኩ።

ከባቡር ሲወርዱ ዓይን የሚይዘው ከወንዙ መሀል የበቀለው ነጭ ግንብ ነው። ፕፋልዝግራፈንሽታይን ይባላል። የሾለው ጫፉ የውኃውን ፍሰት ስለሚጋፈጥ መልሕቅ የጣለ መርከብ ይመስላል። ንጉሥ ሉድቪግ ዘባቫሪያ በ1326 እና በ1327 ማማውን ሲያስገነባ ዓላማው አንድ ነበር፤ ቀረጥ። በአጭሩ ኬላ ነው። ከበላዩ ኮረብታው ላይ ካለው የጉተንፈልስ ግንብ ጋር ሆኖ ወንዙን ያንቅ ነበር። አልከፍልም ያለ ነጋዴ እስኪከፍል ይታሰራል፤ እስር ቤቱም ጉድጓድ ውስጥ የሚንሳፈፍ የእንጨት ወለል ነበር ይላሉ። ኬላው የተዘጋው ፕሩሲያ አካባቢውን ከያዘች በኋላ በ1867 ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሠርቷል ማለት ነው። እንዲህ ዕድሜ ያለው የገቢዎች መሥሪያ ቤት ስንት አለ?

በ1814 አዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት የፕሩሲያው ጄኔራል ብሉኸር የናፖሊዮንን ጦር እያሳደደ ራይንን የተሻገረው እዚሁ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር በደሴቲቱ በኩል በተዘረጋ ተንሳፋፊ ድልድይ አለፈ። ያረፈበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኗል።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ብዙም የማይወራው ታሪክ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ከኮብሌንዝ፣ ፈረንሳዮች ከማይንዝ ተነስተው 30 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ በካርታ ላይ አሰመሩ። ክቦቹ አልተገናኙም። በመሀል የጠርሙስ አንገት የሚመስል መሬት ማንም ሳይዘው ቀረ። ካውብና ጎረቤቷ ሎርኽ ከተቀረው ጀርመን ተቆርጠው ከ1919 እስከ 1923 በራሳቸው ገንዘብና በኮንትሮባንድ ኖሩ። ባቡር ያልፋል እንጂ አይቆምም ነበር።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ካውብ አጠገብ ወንዙ ጥልቀት ስለሚያንሰው፣ በዚያ የሚያልፍ መርከብ ምን ያህል እንደሚጭን የሚወስነው እዚያ ያለው የውኃ መለኪያ ነው። መለኪያው የሚያሳየው የወንዙን ጥልቀት አይደለም፤ መርከብ የሚሄድበት መስመር ከቁጥሩ በ1 ሜትር ከ10 ገደማ ይጠልቃል። በጥቅምት 2018 ቁጥሩ 25 ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ሉድቪግስሃፈን ያለው የኬሚካል ኩባንያ ባስፍ ምርት ቀንሶ 250 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ አጣ። በነሐሴ 2022 ወንዙ እንደገና ጎደለ፤ ሰዎች ወደ ደሴቲቱ በእግር ተሻገሩ። መንግሥት መስመሩን በ20 ሴንቲ ሜትር ለማጥለቅ አቅዷል። ሃያ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ትመስላለች፤ ለአንድ ጭነት መርከብ ግን መቶዎች ቶን ናት።

እኔ የሄድኩ ዕለት መለኪያው 1 ሜትር ከ40 ገደማ ያሳይ ነበር። ወይን ጠጅ ቤቱ በረንዳ ላይ ሆኜ ቆጠርኩ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘጠኝ መርከቦች ግንቡን ተጠግተው አለፉ፤ አንዱም ሙሉ ጭነት የያዘ አይመስልም ነበር።