በኤምባሲ ደጅ ሻማ የሚያበሩት ሰዎች ምን ይጠይቃሉ?

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሲደበደቡና ሲገደሉ፣ በዋሽንግተን፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻቸው በሳዑዲ ኤምባሲዎች ደጅ ተሰለፉ። ከተጠቂዎቹ ብዙዎቹ የመኖሪያ ፈቃድ አልነበራቸውም፤ በአገሩ ሕግ ጥፋተኞች ነበሩ። ተሰላፊዎቹ ግን ስለ ፈቃድ አልጠየቁም። የጠየቁት ሰው አይደብደብ፣ አይገደል ብለው ነው። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜና ከሾኔ ልጁን ሩቅ አገር የሸኘ ቤተሰብ ይህን ጩኸት ያለ አስረጂ ይረዳዋል።

በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነታቸው በሌላ አገር የሚሳደዱ ሰዎችን በማሰብ የሚደረገው ሻማ ማብራትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በሐምሌ 1997 ዓ.ም. በኢራን ማሽሃድ ከተማ ማህሙድ አስጋሪና አያዝ ማርሆኒ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በአደባባይ ተሰቀሉ። በዓመቱ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለንደንን ጨምሮ በበርካታ ከተሞች መታሰቢያ ተደረገላቸው። የኢራን ባለሥልጣናት ወጣቶቹ የተቀጡት የ13 ዓመት ልጅ በመድፈር ነው ብለው ነበር፤ የመብት ተሟጋቾችም የተሰቀሉት በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነታቸው ነው ወይስ አይደለም በሚለው እርስ በርስ ተከራክረዋል። ስለዚህ አደባባይ ከመውጣት በፊት እውነቱን ማጣራት የግድ ነው፤ ያልተጣራ ነገር የሚሟገቱለትን ሰው ራሱን ይጎዳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በገዛ አገሩ ድምፁን ማሰማት የማይችል ሰው አለ፤ በሌላ አገር ያሉ ሰዎች በዚያ መንግሥት ኤምባሲ ፊት ይቆሙለታል፣ ስሙን ይጠራሉ፣ ደብዳቤ ያስገባሉ። ውጤቱ ሁልጊዜ አይታይም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ኖቫያ ጋዜታ የተባለው የሩሲያ ጋዜጣ በሩሲያዋ ቼቺኒያ ከ100 በላይ ወንዶች በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪነት ተጠርጥረው ተይዘው እንደተሰቃዩ ሲያጋልጥ፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ሰዎች በሩሲያ ኤምባሲዎች ደጅ ተሰበሰቡ። በሚያዝያ ወር የጀርመን መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ጉዳዩን ሶቺ ላይ ለሩሲያው ፕሬዚዳንት ፑቲን አነሱት። በአንጻሩ ኡጋንዳ፣ ብዙ ተቃውሞ ቢሰማም፣ አንዳንዱን የተመሳሳይ ጾታ ድርጊት በሞት የሚያስቀጣ ሕግ በግንቦት 2015 ዓ.ም. አጽድቃለች።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። በግንቦት 2000 ዓ.ም. እዚያ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ የስደተኞች ሱቅ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ኬፕ ታውን ውስጥ ለተፈናቀሉት ስደተኞች ምግብና መጠለያ እንዲደርስ ካስተባበሩት መካከል ለኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒት የሚታገለው የሕክምና ንቅናቄ ይገኝበታል። ንቅናቄውን በ1991 ዓ.ም. ከመሠረቱት አንዱ ዛኪ አክማት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን በግልጽ የሚናገር ሰው ነው። የአገሩ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 እንደ እርሱ ያሉ ሰዎችን ማግለል የሚከለክለው ቃል ጸንቶ እንዲቆይ ከታገሉትም አንዱ ነው። ሃዲያና ከምባታ ልጆቻቸውን የላኩበት አገር ነውና ይህ ሊነገር ይገባል።

በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል። ሰላማዊ ሰልፍ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ቢያሳውቁ የሚፈቀድ ቢሆንም፣ በሆሳዕና አደባባይ ለዚህ ጉዳይ ሻማ ይበራል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 16 ማንኛውም ሰው በአካሉ ላይ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠበቅ መብት አለው ይላል፤ ማንንም አልለየም። ቅጣት የፍርድ ቤት ሥራ ነው፤ የመንደር ጎረምሳ ሥራ ሊሆን አይችልም።

ሃይማኖቴስ የሚል ይኖራል፤ በሆሳዕና ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርቷን አልለወጠችም። ሆኖም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በጥር 2015 ዓ.ም. ኃጢአትንና ወንጀልን ለይተው፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆንን ወንጀል የሚያደርጉ ሕጎች ፍትሐዊ አይደሉም ብለዋል። እምነቱን ጠብቆ ግፍን መቃወም እንደሚቻል ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ በአገራችን የሰዎች ፎቶና አድራሻ በቲክቶክ እየተለቀቀ፣ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ናቸውና ይመቱ የሚሉ ጥሪዎች ተሰራጭተው ነበር። እንዲህ ያለ ፎቶ ወደ ስልክዎ ቢመጣ ለሌላ አያስተላልፉት። የጎረቤትዎ ልጅ ስሙ ተጠርቶ ሰው ቢሰበሰብበት በርዎን ይክፈቱለት፤ ቤተሰቡን፣ የአገር ሽማግሌውንና መጋቢውን ቀድመው ያናግሩ።