ድምፅ የሌለው ምርመራ

በአሜሪካ የሕፃናት ክሊኒኮች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ እየተለመደ የመጣውና በምርመራ ክፍል የሚደረገውን ንግግር በስልክ አዳምጦ የሕክምና ማስታወሻ የሚያረቅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሐኪሙን ከኮምፒውተር ፊት ለማላቀቅ የታሰበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሐኪሞች ከታካሚ ጋር ለሚያሳልፉት ለእያንዳንዱ 1 ሰዓት 2 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ በመዝገብና በጠረጴዛ ሥራ እንደሚያጠፉ አሳይቶ ስለነበር፣ በሰሜን ካሊፎርኒያ በፐርማነንቴ ሜዲካል ግሩፕ ከ3,400 በላይ ሐኪሞች ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ በነበሩት 10 ሳምንታት መሣሪያውን ከ300,000 በሚበልጡ ቀጠሮዎች ላይ መጠቀማቸው አያስደንቅም።

ሆኖም የሕፃን ምርመራ ዋናው ክፍል የሚከናወነው ያለ ንግግር ነው። ሐኪሙ ገና በሩን ሲከፍት ሕፃኑ ንቁ መሆኑን ወይም በእናቱ ጉያ ዝልፍልፍ ማለቱን ያያል፤ ከዚያም ልብሱን ከደረቱ ገለጥ አድርጎ ትንፋሹን 1 ደቂቃ ሙሉ ይቆጥራል። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ከ2 እስከ 11 ወር ባለ ሕፃን 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል፤ ሳል ካለበትም የሳንባ ምችን ያስጠረጥራል። በዚያች ደቂቃ ማይክሮፎኑ የሚያገኘው ዝምታን ነው። ዊስፐር በተባለው፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ በሚቀይር ሥርዓት ላይ ተደርጎ በ2024 የቀረበ ጥናት፣ ከድምፅ ቅጂዎቹ 1 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ውስጥ ማንም ያልተናገረው ሐረግ ተጨምሮ መገኘቱን፣ ይህም ዝምታ በሚበዛበት ንግግር ጎልቶ እንደሚታይ ገልጿል። ያልተቆጠረ ትንፋሽ «አተነፋፈሱ ደህና ነው» ተብሎ ቢሰፍር ቸኩሎ የሚያነብ ሐኪም እንግዳ ነገር አይታየውም፤ የስሕተቱ አደገኛነትም ከተለመደው የማስታወሻ አጻጻፍ ጋር በመመሳሰሉ ነው።

መፍትሔው ግኝትን ጮክ ብሎ መናገር ነው ይባላል፤ ነገር ግን ለማይክሮፎን የሚነገር የሕክምና ቃል እናትን ያስደነግጣል። ይልቅ «ይመልከቱ፣ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ አይሰረጉድም፤ ሌሊት ከሰረጎደ ግን ሳይጠብቁ ያምጡት» ብሎ ለእናቲቱ መንገር ማስታወሻውንም እርሷንም ይጠቅማል።

ንግግር ፈጽሞ ምንጩ ሊሆን የማይገባው መረጃ ክብደት ነው፤ የሕፃን መድኃኒት መጠን በኪሎ ግራም ይሰላልና። ወላጅ 22 ፓውንድ ሲል 10 ኪሎ ግራም ማለቱ ስለሆነ፣ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም የሚታዘዘው ፓራሲታሞል 150 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ቁጥሩ እንደ ኪሎ ግራም ከተወሰደ ግን 330 ይደርሳል። ስለዚህ ክብደቱ ከሚዛኑ በቀጥታ ወደ መዝገቡ መግባት አለበት።

በጉርምስና ዕድሜ ላሉ ልጆች ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። ወላጅ ከክፍሉ እንዲወጣ ተጠይቆ ስለ ስሜት፣ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ወይም ስለ ፍቅር ጓደኛ የሚደረገው ውይይት በሚስጥር የሚያዝ ሲሆን፣ መሣሪያው ግን ወላጅ ያለበትንና የሌለበትን ክፍለ ጊዜ ንግግር በአንድ ማስታወሻ ሊያጠቃልለው ይችላል። ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ደንብ የሕክምና ማስታወሻዎች ያለ መዘግየት ለታካሚዎች ክፍት እንዲሆኑ ስለሚጠበቅ፣ የልጁን የኢንተርኔት መዝገብ የሚከፍተውም ብዙ ጊዜ ወላጅ ስለሆነ፣ ሐኪሙ ወላጅ ሲወጣ መቅረጫውን አቁሞ ቀሪውን በገዛ እጁ፣ ለወላጅ በማይከፈት ማስታወሻ ቢጽፈው ይሻላል።