ኩላሊት የሰውነትን የውኃ ሚዛን እንዴት ይጠብቃል?

ከአንድ አዋቂ ሰው ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው፡፡ ይህ ውኃ በመጠጥና በምግብ ገብቶ በሽንት፣ በላብ፣ በትንፋሽና በዓይነ ምድር ይወጣል፡፡ የሚገባው መጠን ከቀን ወደ ቀን ቢለያይም በሰውነት ውስጥ የሚቀረው እምብዛም አይለዋወጥም፡፡ ይህን ሚዛን በዋናነት የሚጠብቁት ከአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ የሚገኙት ሁለቱ ኩላሊቶች ናቸው፡፡

እያንዳንዱ ኩላሊት ኔፍሮን የሚባሉ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፡፡ ማጣሪያዎቹ በ24 ሰዓት ውስጥ ከደም 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፡፡ ይሁንና 99 በመቶ ያህሉ ተመልሶ ወደ ደም ስለሚገባ በሽንት መልክ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው፡፡

ምን ያህል ውኃ መመለስ እንዳለበት ትእዛዝ የሚሰጠው አንጎል ነው፡፡ ለምሳሌ በቆላማ አካባቢ ለመስክ ሥራ የተሰማራ ሠራተኛ በላብ ብዙ ውኃ ሲያጣ በደሙ ውስጥ ያለው የጨው ክምችት ከፍ ይላል፡፡ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ይህን ለይቶ በአንድ በኩል የውኃ ጥምን ይቀሰቅሳል፤ በሌላ በኩል ቫዞፕሬሲን የተሰኘው ሆርሞን ከፒቱታሪ ዕጢ እንዲለቀቅ ያደርጋል፡፡ ሆርሞኑ በኩላሊት የመጨረሻዎቹ ቱቦዎች ላይ አኳፖሪን የሚባሉ የውኃ መተላለፊያዎች እንዲበራከቱ ስለሚያደርግ ውኃው ወደ ደም ይመለሳል፤ ሽንቱም ጥቂትና ደማቅ ቢጫ ይሆናል፡፡ ሰው ብዙ ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ሆርሞኑ ይቀንስና ሽንቱ ይበዛል፤ ይቀጥናልም፡፡ አኳፖሪንን ያገኙት አሜሪካዊው ፒተር አግሬ እ.ኤ.አ በ2003 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል፡፡

ኩላሊት ውኃን የመቆጠብ ችሎታው ግን ወሰን አለው፡፡ ቆሻሻን አሟሙቶ ለማስወገድ በቀን ቢያንስ ግማሽ ሊትር ገደማ ሽንት መውጣት አለበት፡፡ የውኃ እጥረቱ ሲበረታ ለኩላሊት የሚደርሰው ደም ስለሚቀንስ ኩላሊቱ ራሱ ለጉዳት ይጋለጣል፡፡ በዚህ ጊዜ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ አደጋውን ያባብሰዋል፡፡

ኩላሊትን ለዘለቄታው በመጉዳት ረገድ ግንባር ቀደሞቹ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው፡፡ ጉዳቱ አብዛኛው የማጣራት አቅም እስኪጠፋ ድረስ ምልክት ላያሳይ ይችላል፡፡ በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2008 ዓ.ም ቢጀመርም ሕክምናው ለጋሽና የዕድሜ ልክ መድኃኒት ይጠይቃል፡፡ የኩላሊት እጥበትም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚደረግና ከፍተኛ ወጪ የሚያስከትል ነው፡፡

ስለሆነም ቀኑን በቢሮና በስብሰባ የሚያሳልፍ ሠራተኛ ሥራ በዝቶብኛል በሚል ውኃ መጠጣትን ማስተጓጎል አይኖርበትም፡፡ የሽንት ቀለም ፈዘዝ ያለ ቢጫ መሆኑ በቂ ውኃ ለመጠጣት ጥሩ አመልካች ነው፡፡ የደም ግፊትንና የስኳር መጠንን በየጊዜው መለካት፣ የሽንትና የክሬቲኒን ምርመራ ማድረግም ጉዳቱን በጊዜ ለመለየት ያስችላል፡፡ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን የሚጠጡትን ውኃ መጠን በሐኪም ምክር መወሰን ይገባቸዋል፡፡