ጢስ የሌለው ከሰልና የድንኳን ሌሊት፦ ተረትና እውነታ

ከሰል ተቀጣጥሎ ጢሱ ካለቀና ፍም ከሆነ በኋላ አይጎዳም የሚለው እምነት በኢትዮጵያ ከተሞች ለብዙ ዘመን የኖረ፣ በአሜሪካ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ቤተሰቦችም ከጀበናውና ከረከቦቱ ጋር ይዘውት የሄዱ እምነት ነው። በበረንዳ ላይ እስከሆነ ድረስ ጉዳቱ እምብዛም አይታይም፤ በመጸው ወራት ወደ ካምፕ ሲወጣ ግን፣ ሌሊቱ በርዶ የቡናው ምድጃ ከነፍሙ ወደ ድንኳን ሲገባ፣ አንድን ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል።

እምነቱ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ገና የሚቀጣጠል ከሰል ዓይን የሚለበልብና ጉሮሮ የሚከረክር ጢስ ስላለው፣ ምድጃውን ደጅ አራግቦ ፍም ሲሆን ማስገባት በእርግጥ ከጢሱ ያድናል፤ የጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ፣ የቆርቆሮው ክፍተትና የማይገጥመው በርም የቀረውን ያስወጡ ነበር። ስሕተቱ የሚጀምረው ዓይን የማያስለቅስ ነገር ሁሉ ሕይወትን አይነካም ተብሎ ሲደመደም ነው።

የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ከምድጃው ሥር በሚገባው አየር የሚፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ላይ ሲወጣ በጋለው ከሰል መካከል ያልፍና ተጨማሪ ካርቦን ወስዶ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ በቀላ ፍም ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚታየው ሰማያዊ ነበልባልም ይኸው ጋዝ ሲነድ ነው። ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙ ሳይነድ ይወጣል፤ አመድ አልብሰው ያዳፈኑት ፍምም፣ ለሚያየው የጠፋ ቢመስልም፣ ለሰዓታት ጋዙን ይለቃል። ጋዙ ኦክስጅንን በደም ውስጥ ከሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ፣ ጥቂቱ እንኳ ብዙ ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው፤ በካምፕ ላይ ግን እነዚህ በቀላሉ ለመንገዱ ድካም ወይም ለእራቱ ይሰጣሉ፤ የተኛ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቀው ራሱን ሊስት ይችላል።

የድንኳኑን ዚፕ ጥቂት ከፍቶ ማደር ይበቃል እያሉ የሚመክሩ ሰዎች አይታጡም። ብዙዎቹ ማስረጃቸው ራሳቸው ተርፈው ማደራቸው ብቻ ነው፤ ያልተረፈው ግን ምክር ለመስጠት አይመለስም። ጋዙ በድንኳኑ ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠራቀም የሚወስኑት ነፋሱ፣ የፍሙ ብዛትና የጨርቁ ዓይነት በመሆናቸው፣ ትናንት ደኅና ያደረ ሰው ዛሬም ደኅና ያድራል ማለት አይቻልም። ለተመረዘ ሰው ወተት ማጠጣትም ከሄሞግሎቢን ጋር የተጣበቀውን ጋዝ አያላቅቅም። ተጎጂውን ወደ አየር አውጥቶ 911 መደወል ያስፈልጋል፤ በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ በሆስፒታል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል።

ተሳቢ ቤት፣ ማለትም በመኪና የሚጎተተው ካምፐር፣ ከዚህ አደጋ ነጻ ነው ማለትም አይደለም። ከፋብሪካ የተገጠመለት ማሞቂያ የተቃጠለውን ጋዝ ወደ ውጭ እንዲያስወጣ ተደርጎ የተሠራ ሲሆን፣ የማብሰያው ምድጃ ግን እንዲህ ያለ መውጫ ስለሌለው ቤት ማሞቂያ ሊሆን አይችልም። ጄኔሬተርም ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ከመስኮት ዞሮ መቀመጥ አለበት፤ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ደግሞ ከምንም ዕቃ በፊት መገዛት ያለበት ነው።

ሙቀቱ ከየት ይምጣ ለሚለው ጥያቄ መልሱ በአብዛኛው መኝታው ውስጥ ነው። ከዋሽንግተን 120 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ ቢግ ሜዶውስ የተባለው የካምፕ ስፍራ 1,070 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ከሸለቆው በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ስለዚህ የከተማውን የአየር ትንበያ አይቶ መሸከፍ ያሳስታል። በመኝታ ከረጢት (ስሊፒንግ ባግ) ላይ የሚጻፈው ዲግሪም ብዙ ጊዜ ተመችቶ የሚተኛበት ልክ ሳይሆን ሰው ተኮራምቶ የሚቋቋምበት ወሰን በመሆኑ፣ ሊገዛ የሚገባው «ምቾት» የሚለው ቁጥር ከሚጠበቀው ብርድ በታች የሆነ ነው። በአየር የሚነፋ ተራ ፍራሽ ወፍራም ስለሆነ ይሞቃል የሚባለውም ሐሰት ነው፤ በውስጡ የሚዘዋወረው አየር የሰውነትን ሙቀት ወደ መሬት ስለሚያሳልፍ፣ ብርድን የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው አር-ቫልዩ የተባለው ቁጥር ከፍ ያለ ምንጣፍ ይመረጣል። ትልቅ ድንኳን ለቤተሰብ ይሻላል የሚለው ለበጋ እውነት ሲሆን፣ ለመጸው ግን ሰፊውን ባዶ ቦታ የሚያሞቀው የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ብቻ ነው።

ከሙቀቱ ሌላ ለጉዞው ዝግጅትም ተረት አይጠፋም። መኪናው ባዶውን ተሳቢ ከጎተተ ይበቃል የሚሉ ሻጮች አሉ፤ ነገር ግን የሚጫነው 100 ሊትር ውኃ ብቻውን 100 ኪሎ ነው፤ በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ ካነሰ ተሳቢው መንገድ ላይ መወዛወዝ ሊጀምር ይችላል። የማገዶ እንጨት ከቤት መጫንም ተባይ ስለሚያዛምት ሸናንዶዋ በሙቀት መታከሙ ከተረጋገጠ እንጨት በቀር ከውጭ የመጣውን ይከለክላል። ካምፐር የሚከራይ ሰው ቁመቱን መጠየቅ አለበት፤ ፓርኩን በሚያቋርጠው ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ የሚያሳልፈው 3.86 ሜትር ብቻ ነው፤ በጣሪያ ላይ የሚቀመጠው የአየር ማቀዝቀዣም ከቁመቱ ይቆጠራል።